ኳሱን ከቤቱ ይዞ የሚመጣው ስፖርተኛ

የአርሴናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ጨዋታ ሊጀመር ነው እንበል። ሃያ ሁለቱ ተጫዋቾች ሜዳ ገብተዋል፤ ዳኛው ሰዓቱን እያየ ነው። መሀል ሜዳ ላይ ግን ኳስ የለም። ለምን ቢባል እያንዳንዱ ተጫዋች የሚጫወትበትን ኳስ ከቤቱ ይዞ መጥቷል። አንዱ ፋብሪካ ድረስ ሄዶ ለእግሩ የሚስማማውን ሲሞክር ውሎ መርጧል። ሌላው ‹‹ውድ ከሆነ ጥሩ ነው›› ብሎ ብሩን ከፍሏል። ሦስተኛው ደግሞ ሱቅ ያገኘውን አንስቶ መጥቷል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ቢያሳዩን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ‹‹ይሄማ ኳስ አይደለም!›› ብለን ከዲኤስቲቪ ቤቱ እንወጣ ነበር።

በእግር ኳስ ኳሷ የጋራ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 የደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫ ‹‹ጃቡላኒ›› የተባለችው ኳስ ስንቱን በረኛ እንዳነጫነጨች እናስታውሳለን። የስፔኑ ካሲያስ ሳይቀር ቅሬታውን አሰምቷል። ያም ሆኖ ጃቡላኒ የተቀለደችው በሁሉም ላይ እኩል ነበር፤ ካሲያስም ቅሬታውን አሰምቶ ሲያበቃ ዋንጫውን አንስቶ ተመልሷል።

በተኩስ ስፖርት ግን ነገሩ ልክ ከላይ እንደቀለድነው ነው። ዒላማው ለሁሉም አንድ ነው፣ ርቀቱ አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው። ጥይቱ ግን የየራስ ነው። ተኳሹ ራሱ መርጦ፣ ወይም አሠልጣኙና ፌዴሬሽኑ መርጠውለት፣ ተሸክሞ ይመጣል። ስለዚህ ውድድሩ የሚጀመረው ቃታ ሲሳብ ሳይሆን ከወራት በፊት ጥይት ሲመረጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ተራ መነጽር አድርጎ እየተኮሰ የብር ሜዳሊያ የወሰደውን ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬችን ያላየ ያለ አይመስለንም። ፎቶው ዓለምን ዞሯል። ብዙ ሰው ‹‹እሱማ ምንም ሳይዝ መጥቶ ተኩሶ ሄደ›› አለ። ዲኬች የተኮሰው ግን በአየር ግፊት የሚሠራውን፣ ባሩድ የሌለበትን ሽጉጥ ነው። የዛሬው ወጋችን ስለ ሌላው፣ ባሩድ ስላለበት ስለ ‹‹ሃያ ሁለት›› ነው። እዚያ ሰፈር ‹‹ምንም ሳይዙ መምጣት›› የሚባል ነገር የለም።

ሃያ ሁለት ማለት ምን ማለት ነው?

ሃያ ሁለት የሚባለው ጥይት 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ትንሽ ጥይት ነው። ‹‹ሎንግ ራይፍል›› የሚባለውና ዛሬም ድረስ የሚተኮሰው ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ1887 አሜሪካ ውስጥ ስቲቨንስ በተባለ ኩባንያ ተሠራ። ከቀለሁ ወጥታ የምትበረው እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ 2.6 ግራም ብቻ ትመዝናለች።

ይህን ጥይት ከወታደሩ ጥይት የሚለየው ትንሽነቱ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጣጠልበት መንገድም ነው። የክላሽን ጥይት ቂጡን ብታዩት መሀሉ ላይ ክብ ነገር አለ። መቺው እሱን ሲመታ እሳት ይነሳል። በሃያ ሁለት ግን መሀሉ ባዶ ነው። እሳት የሚፈጥረው ቅመም በቀለሁ ዙሪያ፣ በጠርዙ ውስጥ ተቀብቷል። መቺው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ቅመሙ ይለኮሳል፣ ባሩዱም ይቀጣጠላል። ‹‹ሪምፋየር›› የሚለው ስያሜ የመጣውም ከዚሁ ነው፤ ከጠርዙ የሚቀጣጠል ለማለት ነው።

ይቺ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ጣጣ አላት። መሀሉ ላይ የሚመታውን ጥይት የሚተኩስ ስፖርተኛ ቀለሁን ሰብስቦ፣ ባሩዱን በሚዛን ለክቶ፣ እንደገና ቤቱ ውስጥ መሙላት ይችላል። ልክ እንደ ባለሙያ ሴት ቅመሙን በራሱ ልክ ያደርገዋል። ሃያ ሁለት ግን አንዴ ጠርዙ ከተጨፈለቀ አበቃ፤ ቀለሁ ይጣላል። ተኳሹ ፋብሪካው የሰጠውን ከመተኮስ በቀር ምርጫ የለውም። ታዲያ ማሻሻል ካልቻለ ምን ይቀረዋል? መምረጥ ብቻ! ለዚህ ነው በሃያ ሁለት ዓለም ምርጫ ማለት ሙያ የሆነው።

ሰባት ሚሊ ሜትር

‹‹ጥይት ያው ጥይት ነው፣ ምን ያህል ይለያያል?›› የሚል አንባቢ አይጠፋም። እስቲ በቁጥር እንየው።

በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች ማለት ነው። ለውድድር የሚሠራ ጥሩ ጥይት ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 330 ሜትር አካባቢ ነው። 50 ሜትሩን ለመጨረስ 0.16 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚህች ቅጽበት ውስጥ እንኳ መሬት ትስበዋለች፤ ዒላማው ጋ ሲደርስ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዷል። ይህ ችግር አይደለም፤ ማነጣጠሪያው ለዚያ ተስተካክሏል።

ችግሩ የሚመጣው ቀጣዩ ጥይት በሰከንድ 10 ሜትር ብቻ ቢዘገይ ነው። ሒሳቡን ስንሠራው ያ ጥይት ከፊተኛው 7 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ተኳሹ አልተነቃነቀም፣ አልተነፈሰም፣ ቃታውን እንደ ሐር ነው የሳበው። ፋብሪካው ውስጥ ግን ትንሽ ባሩድ ጎድሏል፣ ወይም ጠርዙ ውስጥ ያለው ቅመም እኩል አልተቀባም። በቃ፣ 10 የነበረው 9 ሆነ። በቅጣት ምት የግቡን ብረት መትቶ የወጣ ኳስ ማለት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የቤላሩሱ ሰርጌይ ማርቲኖቭ በ44 ዓመቱ በደረቱ ተኝቶ 60 ጥይት ተኮሰ። ስልሳውም አሥር! ከ600 ነጥብ 600 አግኝቶ ወደ ፍጻሜው አለፈ፤ በፍጻሜው ያመጣው ሲደመር በ705.5 ነጥብ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ሰው ያጨበጨበው ለማርቲኖቭ እጅና ዓይን ነው፤ ይገባዋልም። ግን ከስልሳው አንዷ እንኳ ብትሰንፍበት ኖሮ ያ 600 አይኖርም ነበር።

ፈጣን ጥይት ወይስ ዝግተኛ?

ለጀማሪ ተኳሽ ግር ከሚሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ሱቅ ሲገባ ‹‹ከፍተኛ ፍጥነት›› ተብሎ የተጻፈበት ፓኮ ያያል። በሰከንድ 380 ሜትር አካባቢ የሚበርም አለ፤ 500 የሚደርስም አለ። ‹‹ፈጣኑ ይሻላል›› ብሎ ያነሳዋል። ኳስ ላይ ቢሆን ሁላችንም እንዲሁ እናደርግ ነበር፤ የሮቤርቶ ካርሎስን ምት የማይወድ ማን አለ?

ዒላማ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የወጣ ጥይት አየሩ እየያዘው ፍጥነቱ ሲቀንስ የድምፅን ፍጥነት ወደ ታች ማለፉ አይቀርም። በዚያች መሸጋገሪያ ላይ ይረበሻል፣ ይንገዳገዳል። ስለዚህ የውድድር ጥይት ሆን ተብሎ ከድምፅ በታች ይሠራል። ከመጀመሪያው ዝግ ብሎ ከወጣ መሸጋገሪያ የሚባል ነገር አይነካውም። ፈጣኖቹ የተሠሩት ለአደንና ለጨዋታ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም እዚሁ እንጨምር። ‹‹ሃያ ሁለት›› የሚል ቁጥር ያለበት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ‹‹ሃያ ሁለት ማግነም›› ቀለሁ ከሎንግ ራይፍሉ ይወፍራል፣ ይረዝማልም። ትንሹን ወስዶ ለማግነም በተሠራ ጠመንጃ ውስጥ የሚከት ሰው ቀለሁ ሊሰነጠቅበት ይችላል። አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውና ፓኮው ላይ የተጻፈው ስም አንድ ካልሆነ አይተኮስም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የሼቭቼንኮ ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ‹‹ታዲያ በጣም ውዱን የውድድር ጥይት ገዝቶ መገላገል አይሻልም?›› ይባል ይሆናል።

አንድሬ ሼቭቼንኮን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2004 የዓመቱ የአውሮፓ ኮከብ፣ የሚላን ንጉሥ። በ2006 ቼልሲ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አውጥቶ ወሰደው። ሰውዬው ያው ሼቭቼንኮ ነው፤ ግን በስታምፎርድ ብሪጅ የሚላኑ ሼቫ ሳይታይ ቀረ። ተጫዋቹ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ አልተስማሙም።

ጥይትና አፈሙዝም እንዲሁ ናቸው። በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ቀን የተሠሩ ሁለት ጠመንጃዎች አንድ ዓይነት ጥይት ላይወዱ ይችላሉ። የአፈሙዙ ውስጠኛ ጎድጎድ በዓይን በማይታይ ልክ ይለያያል፤ ጥይቱ ሲተኮስ አፈሙዙ የሚንቀጠቀጥበት መንገድም ይለያያል። አንዱ ጠመንጃ የእንግሊዙን ኤሌይ ይወዳል፣ ጎኑ ያለው ደግሞ የፊንላንዱን ላፑዋ ወይም የጀርመኑን አር ደብሊው ኤስ ይመርጣል። ለምን ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱን የሚሰጠው ግን ሙከራ ብቻ ነው።

ነገሩ እዚህም አያበቃም። ስሙ አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ፓኮው አንድ የሆነ ጥይት እንኳ በየምርት ዙሩ ይለያያል። ባለሙያዎቹ ‹‹ሎት›› ይሉታል፤ ቁጥሩ ፓኮው ላይ ታትሟል። ባለፈው ዓመት ሜዳሊያ ያመጣ ጥይት ዘንድሮ በሌላ የሎት ቁጥር ሲገዛ ጠመንጃው ሊተፋው ይችላል። ስለዚህ አዋቂ ተኳሽ የሚገዛው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው።

ፋብሪካ ድረስ

ትልልቆቹ ተኳሾች ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ጠመንጃቸውን ይዘው ፋብሪካ ይሄዳሉ። ኤሌይ እንግሊዝ በርሚንግሃም አጠገብ፣ ላፑዋ ደግሞ ጀርመን ሾነቤክ ከተማ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የመሞከሪያ ቦታ አላቸው። ጠመንጃው በብረት ማሰሪያ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ሰው የሚባል ነገር ከመሀል ይወጣል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ የለ፣ የልብ ምት የለ። ከየሎቱ አሥር አሥር ጥይት እየተደጋገመ ይተኮሳል፤ በ50 ሜትር ላይ ያለው መሣሪያ ጥይቶቹ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደመቱ ይለካል።

ውጤቱ ሲታይ አንዳንዴ ያስደነግጣል። አንዱ ሎት አሥሩንም በአንድ ቀዳዳ ያስገባ እስኪመስል ይሰበስባል። ስሙና ዋጋው ተመሳሳይ የሆነው ሌላ ሎት ዘጠኙን ሰብስቦ አሥረኛዋን ወደ ጎን ይወረውራታል። ተኳሽን የምታስለቅሰው ያቺ አንድ ናት። ዘጠኝ ጊዜ ጥሩ አድኖ በ90ኛው ደቂቃ ኳስ በእግሮቹ መሀል የሚያሳልፍ በረኛ ማለት እሷ ናት። ጥሩው ሎት ሲገኝ ለወቅቱ የሚበቃው በሺዎች የሚቆጠር ጥይት በአንዴ ይገዛል፤ ያ ሎት ካለቀ ሁለተኛ አይሠራምና።

ሽጉጥ ሌላ ነው

በሽጉጥ ግን መመዘኛው ይለወጣል። በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ የአሥር ነጥቧ ክብ 10 ሴንቲ ሜትር ትሰፋለች። ስለዚህ የሚሊ ሜትር ጭንቀት ይቀንሳል። በምትኩ ሌላ ጭንቀት አለ፤ ሽጉጡ መንከስ የለበትም። ተኳሹ አምስት ዒላማ ላይ አምስት ጥይት የሚተኩሰው መጀመሪያ በ8፣ ቀጥሎ በ6፣ መጨረሻ ላይ በ4 ሰከንድ ውስጥ ነው። ሽጉጡ ባዶውን ቀለህ ተፍቶ አዲሱን የሚያጎርሰው ከጥይቱ በሚያገኘው ግፊት ነው። ጥይቱ ከደከመ ሽጉጡ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፤ ከበረታ ደግሞ እጅ ይዘልላል። ደንቡ ለአንዳንድ ብልሽት ድጋሚ ዕድል ቢሰጥም የተሰበረ ልብ ግን በደንብ አይጠገንም። ስለዚህ የሽጉጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹‹ሳይነክስ ይሠራል ወይ?›› ብሎ ነው፤ ስለ መሰብሰቡ የሚጠይቀው ቀጥሎ ነው።

የጥይት ለውጥ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ጀርመናዊውን ራልፍ ሹማንን ማየት ይበቃል። በፈጣን ተኩስ እ.ኤ.አ. በ1992፣ በ1996 እና በ2004 የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። በዚያ ዘመን በዚህ ውድድር የሚተኮሰው ‹‹ሃያ ሁለት ሾርት›› የተባለው አጭርና ግፊቱ ለስላሳ የሆነ ጥይት ነበር። ከ2004 ኦሊምፒክ በኋላ ደንቡ ተለወጠና ሁሉም ወደ ጠንካራው ሎንግ ራይፍል እንዲዞር ተገደደ። ዕድሜ ልክ የለመዱት ሽጉጥና ጥይት በአንድ ጊዜ ጡረታ ወጣ። ሹማን ግን በ46 ዓመቱ፣ በአዲሱ ጥይት፣ በ2008 ቤጂንግ ላይ ብር አገኘ። አንጋፋ እንዲህ ነው!

በረዶ ላይስ?

በረዶ ሲነሳ እኛ ዘንድ ትዝ የሚለው ሮቤል ተክለማርያም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በስኪ ተወዳድሮ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ያው የሮቤል ስኪ ላይ ጠመንጃ ሲጨመርበት ‹‹ባያትሎን›› ይባላል። ባያትሎን እስከ 1970ዎቹ ድረስ በትልልቅ ጥይት ነበር የሚተኮሰው፤ ከ1977/78 የውድድር ዘመን ጀምሮ ወደ ሃያ ሁለት ዞረ፣ ርቀቱም 50 ሜትር ሆነ። ተኝቶ ለሚተኮስበት ዒላማው 45 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የቡና ሲኒ አፍ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ደግሞ ብርዱ ይመጣል። እርሳሷ አፈሙዙን እንዳትፍቀው ሰም መሰል ቅባት ተቀብታለች። ቅዝቃዜ ቅባቱን ያደርቀዋል፣ የባሩዱንም አነዳድ ይለውጠዋል። በበጋ ሙከራ አንደኛ የወጣ ጥይት በረዶ ላይ ሊያሳፍር ይችላል። ስለዚህ የባያትሎን ቡድኖች ጥይታቸውን በቅዝቃዜ ውስጥ ይፈትናሉ። የሳተ ተወዳዳሪ እንደ ውድድሩ ዓይነት 150 ሜትር ተጨማሪ ዙር ይሮጣል፣ ወይም ደቂቃ ይቆጠርበታል። የጥይቱን ዕዳ እግር ይከፍላል ማለት ነው።

የሌለው ምን ያድርግ?

ሁሉም ተኳሽ ጀርመን ሄዶ ጠመንጃውን አያሳስርም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ በ50 ሜትር ጠመንጃ ነሐስ ያገኘው ህንዳዊ ስዋፕኒል ኩሳሌ ያኔ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ከድሉ በኋላ አባቱ በአንድ ወቅት ለልጃቸው ጥይት መግዣ ብድር መውሰዳቸውን ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ዓለም ያየው ሜዳሊያውን ነው፤ ቤተሰቡ ግን ፓኮውን ያስታውሳል። በዚህ ስፖርት ሀብታምና ደሃ የሚለያዩት ጠመንጃው ላይ ብቻ አይደለም። ሀብታሙ ሃያ ሎት ሞክሮ አንዱን ይይዛል፤ ደሃው ያገኘውን ይዞ ዕድሉን ይሞክራል።

ቢሆንም አቅም ለሌለውም መላ አለ። አንደኛ፣ ከአንድ ውድ ካርቶን ይልቅ ከአራትና ከአምስት ዓይነት አንድ አንድ ፓኮ መግዛት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ዓይነት ሲለወጥ የፊተኛው ጥይት ቅባት አፈሙዙ ውስጥ ስለሚቀር የመጀመሪያዎቹን አሥርና ሃያ ጥይቶች ለፍርድ አለመቁጠር ነው። አዲስ የፈረመን ተጫዋች በመጀመሪያው ልምምድ እንደማንፈርድበት ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ጠመንጃውን ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ከአንዱ ዓይነት በርከት ያሉ ዙሮችን መተኮስ። አንዴ ጥሩ የሰበሰበ ጥይት ምስክር አይሆንም፤ አንድ ጨዋታ አይቶ ተጫዋች የሚያስፈርም ክለብ መጨረሻውን እናውቃለን። አራተኛ፣ የተሻለው ሲገኝ ኪስ የቻለውን ያህል ከዚያው የሎት ቁጥር መግዛትና ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማስቀመጥ።

በመጨረሻም ጥይት ሁሉን አይሠራም። አሜሪካዊው ማት ኤመንስ እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ የራሱ ጠመንጃ ከመጣሪያው ውድድር በፊት ሆን ተብሎ ስለተበላሸበት በተውሶ ጠመንጃ ተኩሶ ወርቅ ወሰደ። ከቀናት በኋላ በሌላው ውድድር እየመራ የመጨረሻዋ ጥይት ላይ ደረሰ። ከዜሮ የተሻለ መጠነኛ ነጥብ ይበቃው ነበር። አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ፣ ጥይቷም በቀጥታ ሄደች። የሄደችው ግን የጎረቤቱ ዒላማ ላይ ነበር። ውጤቱ ዜሮ፤ ደረጃው ስምንተኛ፤ ወርቁ ለቻይናዊው ጂያ ዣንቦ ሆነ።

ጥይቷ ምንም አላጠፋችም። የላኳት ቦታ ደርሳለች። ጥሩ ጥይት ማለትም ይኸው ነው፤ የላኳት ቦታ የምትደርስ። የት እንደሚልካት ማወቅ ግን እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ድረስ የተኳሹ ሥራ ነው።